በቀይ የተጻፈ ስም

መዝገቡ ሲዘጋ እንደ በር ድው ይል ነበር። ልባሱ ጠንካራ፣ ገጹ አራት መቶ። መምህር ኃይለ ገብርኤል ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ያመጣው በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ሰርተፊኬቱን ሳጥን ውስጥ ከትቶ የሚያነበውም የሚጽፈውም ያጣ ሰው በስድስት ወሩ ፊደሉን ይረሳዋል። መምህሩ ይህን አይቶ አንኮበር በምትገኘው የንባብ ክፍላችን መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣ «ማንም ሰው ስለ አገሩ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጻፍበት፤ ሌላው የሚያውቅ ያርመው፣ ይጨምርበት» አለ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ጸሐፊው በግራው ገጽ ይጽፋል። የቀኙ ገጽ ባዶ ይተዋል፤ እርማት ወይም ጥያቄ ያለው ሰው እዚያ ላይ ያሰፍራል። በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ማንም አይጽፍም። ሁሉም ከጽሑፉ ሥር ስሙን ያኖራል። የመጨረሻዋን ደንብ የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ገጽ አይቀደድም። መምህሩ ከአንድ እስከ አራት መቶ በእጁ ቁጥር የጻፈበትም በእኔ ጭቅጭቅ ነው። «ገጽ የጎደለው መዝገብ ያስጠይቃል» ብዬ።

እኔ ደብረ ብርሃን እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ የቤቴ ሥራ ሲቀልልኝ ክፍሏን የምጠብቀውም፣ አዲስ የሚመጣውን ጸሐፊ የምቀበለውም እኔ ነበርኩ። መቀበል ማለት ደግሞ ለእኔ ማስጠንቀቅ ነበር። ሰውየው ገና ሳይቀመጥ፣ ስለ ድንበር አትጻፍ፣ ስለ ማኅበሩ ሊቀመንበር አትጻፍ፣ ስለ መድኃኒት ቅጠል ከጻፍክ ሰው ጠጥቶት ቢሞት አንተን ነው የሚጠይቁህ እለዋለሁ። አንድ ቀን ገብረአብ የሚባል ገበሬ ስለ ንብ ሊጽፍ መጣ። ከንብ ምን ክፉ ነገር ይገኛል ብዬ ቆም ብዬ አሰብኩና፣ «ቀፎህ ያለበትን ቦታ እንዳትጽፍ፣ ይሰርቁሃል» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ከመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ጽፈው የዘለቁት አራት ብቻ ነበሩ።

«አልታየች» ይለኛል መምህሩ ስሜን ጠርቶ፣ «እንግዳ ተቀበይ አልኩሽ እንጂ ዘብ ቁሚ አላልኩሽም እኮ።»

ምን ላድርግ፣ አእምሮዬ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ክፉው ነው። ልጄ ለተጊዮርጊስ ለትምህርቷ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሳፈር፣ አውቶቡሱ ገና ከመነሳቱ ገደል ውስጥ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ኩብራ የመጣችው በጥቅምት ነው። ከታች ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ፣ በርበሬ ይዛ ወደ እኛ ገበያ የምትወጣ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቆላ ለመጻፍ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሴትም ከእኔ በቀር።

«እዚህ ቤት የፈለገ ሰው ይጽፋል አሉኝ። እውነት ነው እትዬ?»

«እውነት ነው፤ ግን…»

«ግኑን ኋላ ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ቦታውን አሳዪኝ፣ ሳልረሳው።»

የራሷን ብዕር ይዛ ነበር የመጣችው፤ በመሐረብ ጠቅልላ። በርበሬዋን ለጎረቤቷ አደራ እየሰጠች ሦስት ገበያ ተመላልሳ ግማሽ ገጽ ጻፈች። ፊደሎቿ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ፣ እያንዳንዱ ለብቻው እንደ ተተከለ ካስማ ይቆማል። ገጽ አርባ ሁለት ላይ እንዲህ ይላል፦

«ግመል ከአሊዩ አምባ በላይ አይወጣም። ብርዱና ዳገቱ ይገድለዋል። ጨው ከአፋር በግመል መጥቶ እኛ አገር ይራገፋል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በኬላው በር ያልፋል። ሁለተኛውን የሚያውቁት የቆላ ሰዎች ብቻ ናቸው። ኬላ የለበትም። ኩብራ።»

«ይህቺን ኬላ ያልሻትን ነገር…» አልኳት።

«የዱሮ እኮ ነው እትዬ! የአያቴ ጊዜ ኬላ! ዛሬማ ፈርሶ ፍየል ነው የሚያድርበት።» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሚመጣው ገበያ አጎቴን ይዤው እመጣለሁ፤ ዘይኑልአቢዲንን። ልጽፍ ነው ስለው ሲስቅብኝ ከርሟል። እቤት ሰሊሃ እና ዙቤዳ የሚባሉ ልጆች አሉ፤ እነሱም ፊደል ቆጥረዋል። እሱ እሺ ካላለ ግን ለዚህ ብለው ዳገት አይወጡም። ስሜን መዝገብ ላይ ካየ እሺ ይላል ወላሂ። ካላየ ግን እኔም ከዚህ ወዲያ አልመጣም፤ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

«ስምሽ አለ፤ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ተኛሁ። ረቡዕ ከሰዓት ክፍሏን ከፍቼ መዝገቡን ስገልጥ ገጽ አርባ ሦስት ባዶ አልነበረም። ከላይ መሃል ላይ በደማቅ ቀይ ቀለም፣ የታተመ በሚመስል የእጅ ጽሕፈት፣ «ኩብራ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በጥቁር፦ «ይህን ነገር ከማን ሰማሽው? የነገረሽ ሰው ስም ይጻፍ።»

የጻፈው ሰው ስሙን አላኖረም።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ወንድሜ ብርሃነ መስቀል ይኖርበት በነበረው ሰፈር ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፎ አይቻለሁ። ከስሞቹ አንዳንዶቹ በቀይ ተሰምሮባቸው ነበር። የእሱም። ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ አልናገርም። ከዚያ ወዲህ ግን ከስም አጠገብ ቀይ ቀለም ሳይ የሚታየኝ ያ ግድግዳ ነው።

ደጋግሜ አነበብኩት። ኬላ የሌለበት መንገድ። ነጋዴ፤ ኮንትሮባንድ ይሉታል። የነገረሽ ሰው ስም። የእጅ ጽሕፈቱ መልካም መሆኑ ራሱ አስፈራኝ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ የኋላ ኋላ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የገባ ስንት አለ። ኩብራ በሚመጣው ገበያ አጎቷን ይዛ ትመጣለች፤ የሚፈልጉት ሰው በራሱ እግር ሊመጣላቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ክፍሏ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሁለቱን የወረቀት ቅጠሎች፣ የኩብራንም የቀዩንም፣ ከስፌቱ ሥር ይዤ ሳብኳቸው። አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኳቸው። ከገጽ አርባ ቀጥሎ አርባ አምስት ሆነ። ላቃጥላቸው ብዬ ምድጃዬ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ካስማ የመሰሉ ፊደሎች ታዩኝና አልቻልኩም።

የገበያው ዕለት ኩብራ አጎቷን ይዛ መጣች። ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ፣ በትሩን ደጃፍ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ብሎ ገባ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ አንደኛውን አላውቀውም።

«አርባ ሁለት ነው አጎቴ፣ ቁጥሩን ይዤዋለሁ» አለች ኩብራ እየገለጠች። «ሠላሳ ስምንት… አርባ… አርባ አምስት።» መለሰችና እንደገና ገለጠች። ጣቷ ስፌቱ ውስጥ የቀረውን የወረቀት ትርፍ ነካ። «እትዬ አልታየች?»

በማላውቀው ሰው ፊት እውነቱን ላወጣው አልቻልኩም። «ቀለም ፈሰሰበት» አልኩ።

«የእኔ ላይ ብቻ?»

«አዎ።»

«ቀለም ወረቀት ይገነጥላል እንዴ እትዬ?»

ሽማግሌው በትሩን አነሳ። «ተያት ልጄ። ደገኛ ሲቀበልሽ ወንበር ይስብልሻል፤ ልትቀመጪ ስትይ ነው ወንበሩ የሚጠፋው። ሦስት ገበያ ሙሉ በርበሬሽን ለሰው ጥለሽ የዋልሽው ለዚህ ነው?»

ኩብራ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስህተት ካለበት ማረም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በቀኙ ገጽ ይታረማል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።» ከመሐረቧ ብዕሯን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን ለሚጽፍ ሰው ስጪልኝ።»

ከመስኮቱ ወደ ቁልቁለቱ ሲታጠፉ አየኋቸው። አዳንኳቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ብዕሯን ግን መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት፤ ለማንም አልሰጠሁትም።

መምህሩ ማታ ሊዘጋ ሲመጣ መዝገቡን ገልጦ ስፌቱን አየ። «አልታየች፣ ገጽ አይቀደድም የምትለዋ ደንብ የማን ነበረች?»

ቅጠሎቹን ከደረቴ አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ማን የጻፈው መስሎሽ ነው?»

«ከጽሕፈት ቤት…»

«ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ቢችል ደብዳቤያቸውን ለማንበብ ዓይኔን አላጠፋም ነበር። መሪጌታ ወልደተንሣኤ ናቸው እኮ! ሰኞ በሩን የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ። እኔ የማስተምረው ክፍል ስለነበረኝ ትቻቸው ሄድኩ።»

መሪጌታ ወልደተንሣኤ ዓመቱን ሙሉ ክፍሏን «የካድሬ ቤት» እያሉ በሌላ መንገድ ዞረው የሚያልፉ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ቅጠሎቹን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር።

«የኔታ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ቀለሙ ደበዘዘ?» አሉ ደንግጠው።

«አልደበዘዘም። ስሟን ለምን በቀይ ጻፉት?»

ውኃ ለምን ይጠጣል ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። «ስም አይደለም እንዴ? እኛ ቤት የከበረ ስም በቀይ ነው የሚጻፍ። የቅዱሳኑ ስም፣ ከዚያም መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም። ያቺ ሴት ከቆላ ድረስ ወጥታ አንድ ነገር አስገብታለች። በጥቁር ላልፋት ነው?»

«ከማን ሰማሽው ያሉትስ?»

«እሱንም በቀይ ልጽፈው ነዋ! ባለቤት የሌለው ነገር ወሬ ነው፤ የተናገረው ሰው ስም ሲኖረው ነው ምስክር የሚሆን።»

«የራስዎን ስም ግን አላኖሩም።»

«ጸሐፊ ስሙን የሚያኖር መጽሐፉ ሲፈጸም ነው። አራት መቶ ገጽ ነው ብላችሁ የለ? ገና አርባ ሦስት ላይ ናችሁ።» ፈገግ አሉና መልሰው ተዉት። «እኔ ልጄ፣ ሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ ደጃፉ ደርሼ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ገባሁ። እንዲህ ነው ደንቡ የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። አጠፋሁ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኩብራን የምቀበላት እንግዳ አድርጌ አይቻታለሁ፤ እኚህም ግን እንግዳ ነበሩ። የሰባ ዓመት ሊቅ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ፈርቶ ሲመለስ እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ።

ስለ ግድግዳው ነገርኳቸው። በወንድሜ ስም ላይ ስለነበረው ቀይ መስመር።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ።

«ሃያ ሁለት።»

መፋቂያውን መሬት ላይ አኖሩት። «በጥቁር ልጽፈው እችል ነበር» አሉ።

«የለም የኔታ» አልኳቸው። «እንዳለ ይሁን።»

በሚቀጥለው ቀን ቅጠሎቹን መጽሐፍ ውስጥ አስገብቼ ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ቁልቁለት ነው። መንገዱ ላይ ከሚደርሱ ነገሮች አንዱም ሳይቀር አሰብኩት፤ መንሸራተቱንም፣ እባቡንም፣ ውኃ ሙላቱንም፤ ዝናብ እንኳ ከቆመ ቆይቶ ነበር። ከሁሉ የፈራሁት ግን የኩብራን ፊት ነበር።

ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ዘርግታ ትለቅም ነበር። አጎቷ ጥላው ሥር መደብ ላይ ተቀምጧል።

«ግቢ» አለችኝ። መልቀሟን ግን አላቆመችም።

ቅጠሎቹን ከፊቷ ዘረጋሁ። የራሷን ጽሑፍ ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ቀዩን ስታይ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ወድቄያለሁ ማለት ነው?» አለች። በዘመቻው ጊዜ የመጀመሪያ ፈተናዋ የተመለሰላት ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። መሪጌታ ስለ ከበረ ስም ያሉትን፣ ሦስት ጊዜ ተመልሰው በአራተኛው መግባታቸውን። ወንድሜንም ነገርኳት፤ ገጹን ለምን እንደቀደድኩ፣ ስለ ቀለም መፍሰስ እንደዋሸኋት። ይህን ሁሉ ስነግራት ዓይኔ መሬቱ ላይ ከተዘረጋው በርበሬ አልፎ አልሄደም።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አለች።

«ለአንቺ ብዬ ነው። ግን ሳልጠይቅሽ።»

«ብትጠይቂኝ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ጣቷን በቀዩ ስሟ ላይ ሳታስነካው፣ ከላይ ከላይ አሳለፈችው። «ቆንጆ ነው፣ አይደል?»

ሽማግሌው መደቡ ላይ እንዳለ አንገቱን አቀና። «ከማን ሰማሽው ነው የሚለው ጥያቄው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የነገርኳት እኔ ነኝ። ስሜ ከተጻፈ ማን ያየዋል?»

ምንም አይደርስብዎትም ብል ኩብራ ትመለሳለች፤ ሰሊሃና ዙቤዳም ይወጣሉ። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ።

«አላውቅም» አልኩ። «መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው። ደጉም ያየዋል፣ ክፉውም ያየዋል። ምንም አይመጣም ብዬ ልምልልዎት አልችልም።»

ጺሙን አሻሸ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ስትጋብዢ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

ኩብራ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሱም ጥርሱን አሳየ። «መልካም። ወንበሩ ሊጠፋ እንደሚችል ዛሬ አስቀድመሽ ነገርሽን።» ከዚያ ወደ ኩብራ ዞረ። «ለእኔ መንገዱን ያሳየኝ አባቴ ነው፤ ዓወል። እሱን ጻፊው። እሱን አላህ ወስዶታል፤ ከእንግዲህ የሚወስደው የለም።»

«አንቱስ አጎቴ?»

«እኔን ዘመድ በይኝ። ለጊዜው።»

በሚቀጥለው ገበያ መሪጌታ ወልደተንሣኤ መርፌና በሰም የታሸ ክር ይዘው መጡ። መጽሐፍ መስፋት ያውቁበታል። መምህሩ መዝገቡን ገልጦ ያዘላቸው፤ እሳቸው ቅጠሎቹን በቦታቸው ሰፉ። ስፌቱ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ሆነ፤ መዝገቡም ከዚያ ወዲያ ሲገለጥ በራሱ አርባ ሁለት ላይ ይከፈት ጀመር። ከደንቦቹ መጨረሻ ላይ «የተቀደደ ይሰፋል» ብዬ ጨመርኩ።

ብዕሯን ከመሳቢያው አውጥቼ ለኩብራ ሰጠኋት። ከጥያቄው ሥር፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ይዛ፣ እንዲህ ጻፈች፦ «የነገረኝ አንድ ዘመድ ነው። ለእሱ የነገረው አባቱ ነው። ስሙም» ብላ ቦታ ተወች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው በቀይ «ዓወል» ብለው ሞሉት። አብሯት የመጣው ዘይኑልአቢዲን ማንበብ አይችልም፤ ቀዩ እስኪደርቅ ግን ቆሞ አየው።

«አባትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አሉት መሪጌታ።

«መንገድ የማይጠፋው» አለ።

በሩ ላይ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ እየሳበች፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማ ነበር። ኩብራ፣ «ሰሊሃ ናት» አለችኝና ብዕሯን አቀበለቻት።

«ስለ ምን ልትጽፊ ነው?» አልኳት።

«ስለ ጎርፍ። የኛ ወንዝ መቼ መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛውን ማሳ እንደሚወስድ።»

ጎርፍ፤ ማሳ፤ የማን ማሳ፤ ማን ቅር ይለው። አንደበቴ ጫፍ ላይ አሥር ነገር ደረሰ። ልጅቷ ጠበቀችኝ።

«‹ግን…› አይሉኝም?» አለች። «ኩብራ ‹ግን› ማለት ያበዛሉ ብላኛለች።»

ወንበሩን ሳብኩላትና እስክትቀመጥ ድረስ ጀርባውን ይዤ ቆየሁ።

«በግራው ገጽ ነው የሚጀመረው» አልኳት። «ግኑን ኋላ እነግርሻለሁ።»